ሳሩን እናንሳው ወይስ እናቆየው? ከላስ ቬጋስ ለደረሰን ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ ቤት ገዝተን ገባን። ከፊት ለፊት ወደ 800 ስኩዌር ፊት፣ ከጓሮ ወደ 500 ስኩዌር ፊት ሳር አለው። ሳሩ ጃንዋሪ ላይ እንኳ አረንጓዴ ነው። በፊት ለፊቱ መሃል ትልቅ የአሽ ዛፍ ቆሟል። የጁላይ የውሃ ሂሳብ ሲመጣ ግን ደነገጥን። ባለቤቴ ‹ልጆቹ የት ሊጫወቱ ነው?› ብሎ ሳሩ እንዳይነካ ይፈልጋል። አንድ ወንድማችን ደግሞ ‹ሁሉንም አንስታችሁ ጠጠር ድፉበትና ተገላገሉ፤ ውሃውን አሁኑኑ ዝጉት፣ ሳሩ ሲሞት ገንዘብ ይከፍሏችኋል› አሉን። ሌላ ሰው ‹በ2027 ሳር በሕግ ሊከለከል ነው› ይላል። ኤችኦኤ የሚሉት የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበርም አለብን። እናቴ በሚመጣው ዓመት ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ግቢውን ድንጋይ ብቻ አድርገን ብትደርስ ምን ትላለች እያልኩ እጨነቃለሁ። ቁርጡን ንገሩን።» ሀ.፣ ከላስ ቬጋስ

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን ለቤት አበቃችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ውሃውን አይዝጉት። የደቡብ ኔቫዳ ውሃ ባለሥልጣን ሳሩን ለሚያነሳ ባለቤት ገንዘብ የሚከፍለው በሕይወት ላለ ሳር ነው። መጀመሪያ ማመልከቻ ይገባል፤ ከዚያ ሳሩ በቦታው ታይቶና ተለክቶ ፈቃድ ይሰጣል፤ አካፋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ሳሩ ደርቆ ወይም ተነቅሎ ከጠበቃቸው ክፍያው ቀረ ማለት ነው። ክፍያው ለዓመታት በስኩዌር ፊት 3 ዶላር ነበር፤ በ2024 ለመኖሪያ ቤቶች ወደ 5 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተመኑ ስለሚቀያየር በሚያመለክቱበት ቀን ያለውን ያረጋግጡ። ለ800 ስኩዌር ፊት በ3 ዶላር 2,400፣ በ5 ዶላር ደግሞ 4,000 ዶላር ይሆናል። ወንድማችሁ በቅንነት የሰጡት ምክር ይህን ሁሉ ገንዘብ ሊያስቀርባችሁ ነበር።

አሁን ወደ ቁርጡ እንምጣ። የፊት ለፊቱን ሳር አንሱት። የጓሮውን ለልጆቹ አቆዩት። በተነሳው ቦታ ላይ ግን ጠጠር ብቻ አትድፉ፤ የበረሃ ተክል ይተከልበት። አሹንም አድኑት፤ በዚህ ሥራ ሳይታሰብ የሚገደለው ዛፉ ነውና።

የፊቱን አንሱ የምንልበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፊት ለፊት ሳር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚራመደው የሳር ማጨጃው ብቻ ነው። ባለሥልጣኑ በላስ ቬጋስ ግቢዎች ላይ ባደረገው የዓመታት ልኬት አንድ ስኩዌር ፊት ሳር በዓመት ወደ 73 ገሎን ውሃ ሲጠጣ፣ የበረሃ ተክል የለበሰ ቦታ ከ17 እስከ 18 ገሎን ይበቃዋል። በእናንተ 800 ስኩዌር ፊት ልዩነቱ በዓመት ወደ 44,000 ገሎን ይደርሳል። የውሃ አቅራቢያችሁ የላስ ቬጋስ ቫሊ የውሃ ዲስትሪክት ከሆነ፣ ለወቅቱ ከተወሰነው መጠን በላይ ለሚፈስ ውሃ በ2023 የተጀመረ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ በየ1,000 ገሎኑ 9 ዶላር። የጁላይ ሂሳባችሁን አውጥታችሁ ይህ መስመር እንዳለበት ፈልጉ። ካለ፣ ያስደነገጣችሁ አንዱ እሱ ነው።

ብዙ ሰው ሻወር በማሳጠር ከተማዋን የሚያድናት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ፣ የሻወሩም የወጥ ቤቱም የሽንት ቤቱም፣ ተጣርቶ ላስ ቬጋስ ዎሽ በሚባለው ወራጅ በኩል የኮሎራዶ ወንዝ ወደተገደበበት ሐይቅ፣ ወደ ሌክ ሚድ፣ ይመለሳል፤ ኔቫዳም በተመለሰው ልክ ከኮሎራዶ ወንዝ እንደገና ማውጣት ትችላለች። ግቢ ላይ የተረጨው ግን ተንኖ ይቀራል። ከደቡብ ኔቫዳ ውሃ 90 ከመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚያ ወንዝ ነው፤ በወንዙ ላይ የመጀመሪያው የፌዴራል የውሃ እጥረት የታወጀውም በኦገስት 2021 ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ የውሃ ጉዳይ በዋናነት የግቢ ጉዳይ ነው።

የ2027ቱን ሕግ በተመለከተ፣ የሰማችሁት ግማሹ እውነት ነው። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሳርን በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ይከለክላል። ክልከላው የሚመለከተው የንግድ ቦታዎችን፣ የመንገድ አካፋዮችን፣ የአፓርታማ ግቢዎችንና ኤችኦኤዎች የሚያስተዳድሯቸውን የጋራ ቦታዎች ነው። የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ያለ ሳር አይነካም። ስለዚህ ሕግ አያስገድዳችሁም፤ በፈቃዳችሁ ነው የምትወስኑት። ገንዘቡን ተቀብላችሁ ያነሳችሁትን ቦታ ግን መልሳችሁ ሳር ማድረግ አትችሉም፤ ውሉ ላይ ስለሚሰፍር ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ኤችኦኤው ደግሞ በኔቫዳ ሕግ ውሃ ቆጣቢ ግቢን ፈጽሞ መከልከል አይችልም፤ ዕቅዱን አይቶ ማጽደቅና ከሰፈሩ ገጽታ ጋር እንዲስማማ መጠየቅ ግን ይችላል። ሥዕሉንና የተክሎቹን ዝርዝር ሥራው ሳይጀመር አስገቡና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ወደ ዛፉ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡልን።

አሹ እስከ ዛሬ የኖረው ለሳሩ በሚረጨው ውሃ ነው። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የሄደ አይምሰላችሁ፤ ውሃው ከላይ ስለሚመጣለት በሳሩ ሥር በጎን ተዘርግቷል። ሳሩ ተነስቶ ስፕሪንክለሩ ሲዘጋ ዛፉ በአንድ ጊዜ ውሃውን ሁሉ ያጣል። ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ የቅጠሉ ዳር ይቃጠላል፣ ቀጥሎ የላይኞቹ ቅርንጫፎች ይደርቃሉ፣ የተዳከመ ዛፍ የሚወዱ ተባዮች ይገቡበታል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ለማስቆረጥ ትከፍላላችሁ። በምዕራብ ወይም በደቡብ በኩል የቆመ ዛፍ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ግድግዳ ጥላውን ያጣና የኤር ኮንዲሽነሩ ሂሳብ ይጨምራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማንጠባጠቢያው በውስጡ የተሠራ ግማሽ ኢንች ቱቦ አለ፤ በየ12 ኢንቹ አንድ ቀዳዳ ያለውንና እያንዳንዱ በሰዓት 0.6 ገሎን የሚያንጠባጥበውን ይግዙ። በዛፉ ዙሪያ ሁለት ቀለበት ያድርጉበት፤ አንዱን ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ዳር ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ፣ ሁለተኛውን ልክ በቅርንጫፉ ዳር ሥር። ግንዱ አጠገብ ውሃ ማንጠባጠብ ጥቅም የለውም፤ ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ራቅ ብለው ነው፤ እርጥብ ግንድም ይበሰብሳል። የዛፉ ጥላ 20 ጫማ ስፋት ካለው ሁለቱ ቀለበቶች ወደ 94 ጫማ ቱቦ ይፈጃሉ፤ በሰዓትም ወደ 56 ገሎን ይሰጣሉ። ከጥላው ሥር ያለውን አፈር እስከ 2 ጫማ ጥልቀት ለማርጠብ ወደ 400 ገሎን ያስፈልጋል፤ ይኸውም ወደ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል። በሙቀቱ ወራት በየ10 እስከ 14 ቀኑ፣ በብርዱ ወራት በወር አንዴ ቢሰጥ ግን በዓመት ከ10,000 ገሎን እምብዛም አያልፍም፤ የ800 ስኩዌር ፊቱ ሳር ግን ከ58,000 ገሎን በላይ ይወስዳል። አፈሩ ቶሎ የማይመጥ ከሆነ ሰባቱን ሰዓት ለሁለት ተከታታይ የማጠጫ ቀን ይክፈሉት። ልኩን የምታውቁት በሰዓቱ አይደለም፤ ውሃው ከቆመ በኋላ ቀጭን ረጅም ብረት አፈሩ ላይ ይጫኑ። እርጥብ አፈር ብረቱን ያሳልፋል፣ ደረቁ ያቆመዋል። 2 ጫማ ድረስ ከገባ በቅቷል።

ሳሩን ሲያነሱም ለዛፉ ይጠንቀቁ። የእናንተ ሳር በጃንዋሪም አረንጓዴ ከሆነ ፌስኪው የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ከሆነ እድለኞች ናችሁ፣ ምክንያቱም ፌስኪው አንዴ ከተላጠ ተመልሶ አይመጣም። ቤርሙዳ የሚባለው ሳር ቢሆን ኖሮ መሬት ሥር በሚሄደው ሥሩ ጠጠሩን ሰንጥቆ ይወጣ ነበር፤ እሱን ማጥፋት በሙቀቱ ወራት እየበቀለ ሳለ ተደጋጋሚ መድኃኒት መርጨትን ይጠይቃል። ለፌስኪው የሳር መላጫ ማሽን ተከራይታችሁ ከ2 እስከ 3 ኢንች ውፍረት ላጡት። ከዛፉ ጥላ ሥር ግን ማሽን አይግባ፤ በአካፋ በእጅ ይላጥ፤ ሥር አይቆረጥ፤ አፈርም አይደልደልበት። ቁፋሮ ከመጀመሩ ቢያንስ 2 የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮቹን በነጻ ያመለክቱላችኋል።

አንዳንድ ኮንትራክተሮች ዋጋቸው ርካሽ የሚሆነው ሳሩን ሳይላጡ ጠጠር ስለሚደፉበት ነው። መሬቱ ከእግረኛ መንገዱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በመጀመሪያው የኦገስት ዶፍ ጠጠሩ መንገድ ላይ ይፈሳል። የተላጠው መሬት ከእግረኛ መንገዱ ከ2 እስከ 3 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት፤ ተዳፋቱም ከቤቱ መሠረት ወደ ውጪ ይሁን። ኮንትራክተር ከያዛችሁ የኔቫዳ የሲ-10 ፈቃድ፣ ማለትም የግቢ ውበት ሥራ ፈቃድ፣ እንዳለው በኮንትራክተሮች ቦርድ በኩል አረጋግጡ።

የጠብታ መስኖውን አሁን ባለው የስፕሪንክለር መስመር ላይ መትከል ይቻላል። ከቫልቩ በኋላ ማጣሪያና ግፊቱን ወደ 25 ወይም 30 ፒኤስአይ የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ይገባል፤ የቤት ግፊት ብዙ ጊዜ ከዚያ በእጥፍ ስለሚበልጥ ያለ እሱ ማንጠባጠቢያዎቹ እየተፈናጠሩ ይወጣሉ። ማጣሪያ ከሌለ ደግሞ አሸዋና የኖራ ቅንጣት ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ ተክሉ መድረቅ እስኪጀምር ድረስ ማንም አያይም። የቀሩት የስፕሪንክለር ራሶች በክዳን ይዘጉ። ቀጭኑ የሩብ ኢንች ቱቦ ከ5 ጫማ አይርዘም። ለትንሽ ቁጥቋጦ በሰዓት 1 ገሎን የሚሰጥ ሁለት፣ ለትልቁ 2 ገሎን የሚሰጥ ሁለት፣ ለአዲስ ዛፍ 2 ገሎን የሚሰጥ ከአራት እስከ ስድስት ይበቃል። ሁለት ቫልቭ ማድረግ ከቻላችሁ ዛፎቹን ከቁጥቋጦዎቹ ለዩ። ዛፍ በረጅም ጊዜ አንዴ ብዙ ይጠጣል፣ ቁጥቋጦ ቶሎ ቶሎ ጥቂት፤ በአንድ ቫልቭ ላይ ሲሆኑ አንደኛው መጎዳቱ አይቀርም። የጠብታ መስኖም የሚከፈተው ለሰፈራችሁ በተመደቡት ቀናት ነው፦ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ በሳምንት 1 ቀን፣ በማርችና ኤፕሪል እንዲሁም በሴፕቴምበርና ኦክቶበር 3 ቀን፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ከእሑድ በቀር በማንኛውም ቀን።

ስለ ጠጠሩ አጭር ነገር እንበል። ሦስት ሩብ ኢንች የሚያህል የተፈጨ ድንጋይ፣ ቀለሙ አፈርማ፣ ውፍረቱ 2 ኢንች። ጥቁር ድንጋይ ሙቀት ይይዛል፣ ነጭ ድንጋይ ዓይን ያጭበረብራል፤ ግድግዳንም ያግላል። ለ800 ስኩዌር ፊት ወደ 7 ቶን ይበቃል። ከሥሩ ፕላስቲክ አይነጠፍ፤ ውሃም አየርም ከልክሎ ሥርን ያፍናል። ከአሹ ሥር ደግሞ ከድንጋይ ይልቅ የእንጨት ፍርፋሪ ያድርጉ፤ ከግንዱ አንድ ጫማ ይራቅ።

ድንጋይ ብቻ የተደፋበት ግቢ የበረሃ አትክልት አይደለም። በረሃ ራሱ ባዶ አይደለም፤ ዛፍም አበባም አለው። በጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 120 ፋራናይት፣ ማለትም 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳለች፤ በእንዲህ ያለ ቀን ጥላ የሌለው ድንጋይ ሙቀቱን እስከ ሌሊት ይዞ መልሶ ወደ ቤቱ ይልካል። ባለሥልጣኑም ስለዚህ ተክሎቹ ሲያድጉ ቢያንስ ግማሹን ቦታ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ለእናንተ 400 ስኩዌር ፊት ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ተክሉ ሲያድግ በሚኖረው ስፋት ነው፦ 20 ጫማ የሚሰፋ ዛፍ 314 ስኩዌር ፊት፣ 5 ጫማ የሚሰፋ ቁጥቋጦ ወደ 20፣ 4 ጫማ የሚሰፋው ወደ 12 ተኩል። ደዘርት ዊሎው የሚባለውን ዛፍ አንድ፣ ቴክሳስ ሬንጀር የሚባለውን ባለ 5 ጫማ ቁጥቋጦ አራት፣ ባለ 4 ጫማውን የጥብስ ቅጠል አራት ብትተክሉ 440 ገደማ ደርሳችሁ አለፋችሁ። አሹ እንዴት እንደሚቆጠርላችሁ ለመለካት የሚመጣውን ሰው ጠይቁት።

እናትዎን በተመለከተ ጭንቀትዎ ይገባናል። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ከሚዘንብበት አገር ወደ 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደሚዘንብበት የምትመጣ እናት ባዶ ድንጋይ ስታይ ድርቅ እንጂ ግቢ አይታያትም። ነገር ግን ለበረሃ የሚስማሙት አንዳንዶቹ ተክሎች የምታውቃቸው ናቸው። የጥብስ ቅጠል እዚህ እንደ አጥር ይበቅላል፤ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ውሃ መብዛት ነው። ጤና አዳም ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያገኝበት ቦታ ጥሩ ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ሲቆርጡት ፈሳሹ ቆዳን ስለሚያቃጥል ለቡና የሚቀጠፈው ማታ ወይም በጓንት ይሁን። እሬት በግድግዳ ጥግ ከውርጭ ተጠልሎ ይኖራል። ሮማን የዚህን አገር ጨዋማና ኖራ የበዛበት አፈር ይችላል፤ በለስም (ፊግ የሚሉት ዛፍ እንጂ ቁልቋሉ አይደለም) እንዲሁ፣ ግን በለስ ውሃ ይወዳልና ከጓሮ ሳሩ አጠገብ ይሁን። የወፍ ቆሎ፣ እዚህ ላንታና የሚሉት፣ ሙቀቱን ሁሉ ያብባል፤ ፍሬው ስለሚመርዝ ትንንሽ ልጆች ካሉ ከመጫወቻቸው ይራቅ። ኦሊያንደር የሚሉትን ደግሞ ጨርሶ አትትከሉ፤ ቅጠሉም ግንዱም መርዝ ነው። ወይራ ካማራችሁ፣ ብናኝ የሚያወጣው ዓይነት በአካባቢው ክልክል ነው፤ ስዋን ሂል የሚባለው ብናኝ የሌለው ዝርያ ይፈቀዳል።

የመትከያው ጉድጓድ ጥልቀት ከተክሉ ሥር እኩል፣ ስፋቱ ሦስት እጥፍ ይሁን። መጀመሪያ ውሃ ሙሉበት። በማግሥቱም ውሃው ካለ ከሥሩ ካሊቼ የሚባለው እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የኖራ ንጣፍ አለ፤ ሰብራችሁ አሳልፉት ወይም ቦታ ቀይሩ፤ አለዚያ ሥሩ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ አፈሩ ብረቱን ይዞበታል ማለት ነው፤ ኢዲዲኤችኤ የሚል የተጻፈበትን የብረት ማዳበሪያ ስጡት፤ ሌላው ዓይነት በዚህ አፈር ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ባለቤትዎ ስለ ልጆቹ ያሉት ትክክል ነው። ልጅ የሚሮጥበት ሳር ሥራ የሚሠራ ሳር ነው፤ የጓሮው 500 ስኩዌር ፊት ይቆይ። ሰው ሠራሽ ሳር ይሻላል የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ገጹ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሚደርስና ባዶ እግር እንደሚያቃጥል አስታውሱት። የጓሮውን ሳር 3 ኢንች ቁመት ይዛችሁ እጨዱት፤ በአንድ ጊዜ 12 ደቂቃ ከማጠጣት ይልቅ በሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ አራት አራት ደቂቃ አድርጉት፤ ጠንካራው አፈር አንዴ የመጣውን አይመጥም፣ ወደ ጎን ያፈስሰዋል። ከ11 ኤኤም እስከ 7 ፒኤም፣ በአገራችን አቆጣጠር ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 1፣ ሳር ማጠጣት በሙቀቱ ወራት ክልክል ነው። ለበዓል ጉዝጓዝ የሚሆን ከፈለጋችሁ አንዱን ጥግ ለሦስት ሳምንት ሳታጭዱ ተዉት፤ ብቻ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ያልነካው ጥግ ይሁን።

ጊዜውን እንዲህ ያዙ። ኦገስት ላይ አመልክቱ፣ ሴፕቴምበር ሙሉ ሳሩን እያጠጣችሁ ጠብቁ፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላጡ፣ ከዚያ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ትከሉ። ይህ ካለፈ ፌብሩዋሪና ማርች ቀጣዩ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ከጁን እስከ ኦገስት የተተከለ ሥር ሳይሰድ ይቃጠላል። ለመጨረሻው ምርመራ ደረሰኞቹን ሰብስቡ፣ የጠብታ መስኖውንም ከፍታችሁ አሳዩ። አዲሶቹ ቁጥቋጦዎች የመጀመሪያውን ሙቀት በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጠጡ፤ በሁለተኛው ዓመት አንዴ ይበቃቸዋል። የአሹን ቅጠል ግን በመጀመሪያው ጁላይ በየሳምንቱ ተመልከቱ፤ ዳሩ መቃጠል ከጀመረ የማጠጫውን ሰዓት አትጨምሩ፣ በየ14 ቀኑ የነበረውን በየ10 ቀኑ አድርጉት፤ ቀለበቱም ከቅርንጫፉ ዳር ወደ ውስጥ አለመሳቡን እዩ።